ጀማሪ ጊትን በተርሚናል ይጀምር ወይስ በማውስ?

አስጀማሪው፣ ከሆጤ፦
ጀመዓ፣ ሰላም ናችሁ? ክረምት ላይ ለጀማሪዎች የምንሰጠው የጊት (የኮድን ለውጥ ከነታሪኩ የሚመዘግበው ፕሮግራም) ትምህርት ላይ መስማማት አቅቶናል። ደሴ ያለነው «ከመጀመሪያው ቀን ተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ይክፈቱ» እንላለን። ኮምቦልቻዎች ደግሞ «ልጆቹን አታስደንግጧቸው፤ በማውስ የሚሠራው ጊትሀብ ዴስክቶፕ ይጫንላቸው» ባዮች ናቸው። እኔ የተርሚናል ሰው ነኝ። አንድ ልጅ ማታ ኮዱ ተበላሽቶበት በቴሌግራም ሲጠይቀኝ ትእዛዙን ጽፌ እልክለታለሁ። ኮፒ አድርጎ ይለጥፋል፣ አለቀ። በማውስ ከሆነ ግን «በስተግራ ያለችውን ቀስት ንካ»፣ «የቷን?» ስንባባል እናመሻለን። በዚህ ኔትወርክ ስክሪንሾት ልላክ ብትልም አይሄድልህም።

ተማሪዋ፣ ከኮምቦልቻ፦
እኔ የምፈራው ኮፒ አድርጎ መለጠፉን ነው እኮ። ምን እንደለጠፈ ሳያውቅ «ሪሴት ሃርድ» ይልና የቀን ሙሉ ሥራውን ይጠርጋል። ጊትሀብ ዴስክቶፕ ላይ ለውጥህን ስትጥል ፋይሉ ሪሳይክል ቢን ውስጥ ይገባል፤ ከጸጸተህ ታወጣዋለህ። ተርሚናል ላይ «ጊት ሪስቶር» ካልክ ግን በቃ፣ ሄደ። ሪፍሎግ አለ እንዳትለኝ። ሪፍሎግ የሚመዘግበው ኮሚት ያደረግከውን፣ ታሪክ ውስጥ ያስቀመጥከውን፣ ነው፤ ኮሚት ያልሆነውን ከየት ያመጣልሃል?

ፑሽ ማድረግም፣ ሥራን ጊትሀብ ወደሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ መላክ ማለት ነው፣ ሌላ ጣጣ ነው። ጊትሀብ ከኦገስት 2021 ጀምሮ በተርሚናል የአካውንት ፓስወርድ አይቀበልም። ስለዚህ ገና ጊት ምን እንደሆነ ላልገባው ልጅ በፓስወርድ ፋንታ ስለሚያገለግሉት ቶክንና ኤስኤስኤች ቁልፍ ልታወራ ነው። በዴስክቶፑ ብራውዘር ይከፈታል፣ ይገባል፣ ሥራውን ይጀምራል።

ከሮቢት፦
ዊንዶውስ ላይ ጊት ሲጫን የአካውንት መግቢያውን የሚይዘው ክሬደንሻል ማናጀር አብሮ ይገባል። ከተርሚናልም ፑሽ ስትዪ ያው ብራውዘር ነው የሚከፈተው። ይቺ ምክንያት አታስኬድም። የሪሳይክል ቢኗ ግን ጥሩ ናት፣ አላውቃትም ነበር።

ከፒያሳ፦
ሊኑክስ የጫነውስ ልጅ? ጊትሀብ ዴስክቶፕ በይፋ የሚወጣው ለዊንዶውስና ለማክ ነው። ሶርስትሪ የሚባለው ሌላው የማውስ ፕሮግራምም እንደዚያው። ግማሹ ክፍል እጁን አጣጥፎ ሊያይ ነው?

ከሸዋ በር፦
ስለ አማርኛ ማንም አላነሳም። ፋይሉን «ሰላም» ብላችሁ በፊደላችን ሰይሙትና ተርሚናል ላይ «ጊት ስታተስ» በሉ። የሚመጣላችሁ ሰላም አይደለም። 341 እያለ በወደኋላ ሰረዝ የተቆራረጠ የቁጥር መዓት ነው። ጀማሪ ይህን ሲያይ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ነው የሚመስለው። በማውስ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ግን ፊደሉን አሳምረው ያሳያሉ። እኛ እዚህ የምንሠራው የአማርኛ መዝገበ ቃላትና የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ነገር ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

አስጀማሪው፦
አብሽር፣ መድኃኒት አለው። ጊት ከአስኪ (ከእንግሊዝኛው መሠረታዊ የፊደል ስብስብ) ውጭ ያለን ፊደል በነባሪው በቁጥር ስለሚጽፍ ነው። ኮንፊግ (የጊት ማስተካከያ) ውስጥ «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚባለውን ፎልስ አድርገው። አንዴ ነው የምትነካው፣ ለዘላለም ትገላገላለህ።

ከሸዋ በር፦
እሺ፣ ግን እሱን ማን ይነግረዋል? ቁጥር ያየ ልጅ «ኮትፓዝ» ብሎ አይፈልግም። ላፕቶፑን ዘግቶ ነው የሚሄደው።

የሲስተም ሰው፣ ከኮምቦልቻ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም ኔትወርክ ባለበት ቀን ነው የምትከራከሩት። ኔትወርክ የሌለበትን ቀን ደግሞ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊትን ሲጀምር ሙሉ ታሪኩ በእያንዳንዱ ሰው ማሽን ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ነው የሠራው። ኮሚት ለማድረግ፣ ብራንች (የሥራ ቅርንጫፍ) ለመክፈት፣ የድሮውን ለማየት ኢንተርኔት አያስፈልግም። ታዲያ ደሴ ያለው ልጅ የሠራውን ኮምቦልቻ እንዴት ያደርሰዋል? «ጊት ባንድል» የሚባል ትእዛዝ አለ። ሪፖውን (የፕሮጀክቱን ማኅደር) ከነታሪኩ አንድ ፋይል ያደርገዋል። በፍላሽ ገልብጦ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ ያመጣዋል። እኔ ከፋይሉ ላይ ክሎን (ሙሉ ቅጂ) ወይም ፌች (አዲሱን ብቻ መውሰድ) አደርጋለሁ፤ ኮሚቶቹ ከነስማቸው፣ ከነሰዓታቸው ይመጣሉ። ዚፕ አድርጎ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ» እያሉ ከመላክ ይገላግላል። ይህን ትእዛዝ ጊትሀብ ዴስክቶፕ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

ታሪክ ለማየት ግን ተርሚናል አልወድም። ሦስት ብራንች ተጠላልፎ የተመረጀበትን (የተዋሐደበትን) በኮከብና በሰረዝ ከማንበብ ዓይንን ማሳረፍ ይሻላል። ታሪኩን በመስኮት በሥዕል የሚያሳየውን ጊትኬን እከፍታለሁ። መልኩ የጥንት ነው፣ አዎ። ግን ቀላል ነው፤ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ሳያንገራግር ይሄዳል። እንደ ጊትክራከን ያሉት በኤሌክትሮን የተሠሩ ስለሆኑ ሙሉ ብራውዘር ይዘው ነው የሚነሡት፤ ብዙዎቻችሁ ያላችሁን ማሽን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ማየቱ በመስኮት፣ መሥራቱ በተርሚናል። ልጆቹን ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ማለት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም።

ተማሪዋ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሁለቱንም ስለሚያውቁ ነው እንደዚያ የሚሉት። ጀማሪ ሁለት ነገር በአንዴ ሲሰጠው ሁለቱም ይምታቱበታል። ፍላሹን ግን ወድጄዋለሁ፣ ይግባ።

ከሮቢት፦
ሌዚጊትስ? ተርሚናል ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ ግን ፋይሉም፣ ብራንቹም፣ ኮሚቱም በየሳጥኑ ይታያል።

ከፒያሳ፦
አንድ ፊደል ስትነካ አንድ ነገር ይሆናል። ለጀማሪ? ይቅርብን።

አስጀማሪው፦
እንግዲህ እንዲህ ላድርገው። የመጀመሪያው ሳምንት ተርሚናል ነው፤ አድ፣ ኮሚት፣ ስታተስ፣ ሎግ፣ ሌላ የለም። ኮትፓዙን ገና ሲጫን እኛው እናስተካክለዋለን፣ ቁጥሩን አያዩትም። ጊትኬ ከጎን ይከፈታል፤ ኮሚት ባደረጉ ቁጥር አድሰው ነጥቧ ስትጨመር ያያሉ። ኡቡንቱ ያላችሁ ጊትኬን ለብቻው መጫን እንዳትረሱ። ሪስቶርና ሪሴት ሃርድ ከሁለተኛው ሳምንት በፊት በማንም አፍ አይነሡ። በዚህ እሷ ልክ ናት፤ ቴሌግራም ላይም እነዚህን ሁለቱን ያለ ማብራሪያ አልልክም። ሁለተኛው ሳምንት ባንድል፣ ጋሼ ካላስቸገርንዎት እርስዎ ያስተምሩልን። የቀረን መርጅ ኮንፍሊክት፣ ሁለት ሰው አንዱን ቦታ ሲለውጥ የሚፈጠረው ግጭት፣ ነው። ማን ይያዘው?

ተማሪዋ፦
እኔ። ግን በቪኤስ ኮድ (የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም) ነው የማሳየው። የአንተንና የእሱን ለውጥ በቀለም ለይቶ፣ የትኛውን ትቀበላለህ ብሎ እየጠየቀህ፣ ያንን ትቼ ጊት ግጭቱ ቦታ ላይ የሚተክለውን የ«ያንስ» እና የ«ይበልጥ» ምልክት በተርሚናሉ መጻፊያ በናኖ እያስጠፋሁ ልጅ አላሰቃይም።

አስጀማሪው፦
ምልክቶቹን አንዴ ሳያዩ?

ተማሪዋ፦
አንዴ ይያቸው። አምስት ደቂቃ እሰጥሃለሁ፣ አንተው መጥተህ አሳያቸው።