ጥቆማ፦ ጉልበት የማይጨርስ የእግር ጉዞ በትክል ድንጋዮች መካከል፤ ጥያ፣ መልካ ቁንጡሬ ወይስ ጌዴኦ?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ተነስተን በቀኑ የምንመለስበት፣ ዳገት የማይበዛበት የእግር ጉዞ ጠቁሙን። ትክል ድንጋይ ወይም የጥንት ሰው የኖረበት ቦታ ቢሆን ደስ ይለናል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናታችንና ሁለት ልጆች አብረውን አሉ። መኪና መከራየትስ ግድ ነው?

መልስ፦ ለእናታችሁ ጥያ የሚባለው የትክል ድንጋይ ቦታ ይሻላቸዋል። በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ግቢው የሚያስገባው መንገድም አጭር ነው። ውስጡ ሜዳ ስለሆነ የምትሄዱት ሣር ላይ ነው። ቀስ ብሎ ለመዞር 45 ደቂቃ ይበቃል፤ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ለማየት ግን አንድ ሰዓት ተኩል ስጡት። ሐውልቶቹ 36 ሲሆኑ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። ቦታው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የጥንት ሰው መሣሪያ የተቆፈረበት መልካ ቁንጡሬ በዚያው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ቅርብ ነው ብሎ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። ጥያ ሲደርስ እኩለ ቀን ይሆናል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ቅርጹ ጥላ አይጥልም፤ የተቀረጸው ሰይፍም ክብም ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል፤ ልጆቹም ቶሎ ይሰለቻሉ። ስለዚህ ተገላቢጦሹን አድርጉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሱና መልካ ቁንጡሬን አልፋችሁ በቀጥታ ጥያ ግቡ፤ ጎን ለጎን የሚመጣው የጠዋት ብርሃን ቅርጹን ያወጣዋል። ፀሐይ ስትበረታ ወደ መልካ ቁንጡሬ ተመለሱ፤ እዚያ ሙዚየሙ ጣሪያ ያለው ስለሆነ ቀትር ላይ መድረስ አይጎዳም።

ድንጋዩን ስታዩ ከላይ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። በብዛት የምታገኙት የሰይፍ ቅርጽ ነው፤ ስለቱና እጀታው ተለይቶ ይታያል፣ በአንዳንዱ ድንጋይ ላይ ብዙ ሆኖ ተደርድሯል። ክብ ምልክቶችም አሉ። ወደ ታች ደግሞ እንደ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ምልክት አለ፤ ትርጉሙ እስካሁን አከራካሪ ነው። ጡት የተቀረጸባቸውም አሉ። አስጎብኚው የሰይፉ ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ያሳያል ሊላችሁ ይችላል፤ ግምት ነው፣ እንደ ግምት ስሙት። ከድንጋዮቹ ሥር መቃብር መኖሩ ግን በቁፋሮ የተረጋገጠ ነው።

በነገራችን ላይ ጥያን «ቅድመ ታሪክ» የምንለው በልማድ ነው። ድንጋዮቹ ከ10ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚመደቡት። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል፤ የግራኝ ዘመቻ ግን 16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ እነሱ ቀድመው ቆመው ነበር።

ውሃ ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል፣ ለእናታችሁ ደግሞ ተጣጣፊ ወንበርና ጃንጥላ ያዙ። ግቢው ጥላ የለውም ብትሉ ይቀላል። ጠዋት ነፋሱ ስለሚበርድ ልጆቹ ጃኬት አይጣሉ። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሣሩ ውሃ ይይዛል፤ ሸራ ጫማ ይረጥባል፣ ተሽከርካሪ ወንበርም ይሰምጣል። ክረምቱን ዝለሉት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ምርጡ ነው።

ሌላ መልስ፦ በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፤ መልካ ቁንጡሬን ግን መመለሻ ላይ የሚታይ ትርፍ ነገር አታድርጉት። ልጆች ካሉ እንዲያውም ከጥያ ይበልጣል። ሙዚየሙ ጎጆ መሰል ቤቶች ውስጥ ነው፤ የድንጋይ መሣሪያዎቹ በዘመን ተራ ስለተቀመጡ ልጅ ዓይኑ እያየ ልዩነቱን ይረዳል። ከዚያ ጎምቦሬ ወደሚባለው፣ ቁፋሮው እንዳለ ተጠብቆ ጣሪያ ወደ ተሠራለት ቦታ አጭር የእግር መንገድ አለ። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ለእናታችሁ ምርኩዝ ያስፈልጋል፤ ካልተመቻቸው ሙዚየሙ ጋ ይቆዩ።

ለልጆቹ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ በጎምቦሬ 700,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእግር ዱካዎች ተገኝተዋል፣ የሕፃናት እግርም አለበት። የቦታው ዋጋ መታወቅ የጀመረው በ1963 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በአዋሽ ዳር ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ሰው ያለፈባቸው ንብርብሮች ተቆፍረዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ባልጪት ከመልካ ቁንጡሬ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኦብሲዲያን የሚባለው ጥቁር፣ መስታወት የመሰለ ድንጋይ መሬቱ ላይ ተበትኖ ያብለጨልጫል፤ የጥንት ሰዎች መሣሪያቸውን የሠሩት ከዚህ ነው። ጫፉ እንደ ምላጭ ይቆርጣል፦ ክፍት ጫማ አይሆንም፣ ልጆች እንዳይንበረከኩ፣ የመኪና ጎማም ከመንገዱ አይውጣ። ስባሪ አንስቶ ኪስ መክተት ክልክል ነው። ድንጋዩ ዋጋ ያለው ከነቦታው ሲጠና ነው፤ ከተነሳ በኋላ ተራ ጠጠር ነው። ያለ አስጎብኚ አትሂዱ፤ የተፈጥሮ ስባሪና የሰው እጅ የሠራው ላላወቀ ሰው አንድ ይመስላል።

ምሳ ሰዓት ላይ የሙዚየሙን በር ተዘግቶ ብታገኙት ቁልፍ ያዡ ብዙ አይርቅም፤ ጥበቃውን ጠይቁ።

ስለ መኪናው፦ ግድ አይደለም፤ ከአረጋዊ ጋር ግን ኮንትራት መኪና ይሻላል። ስትዋዋሉ አራት ነገር ለይታችሁ ተነጋገሩ፦ ነዳጁ በማን ነው፣ የሚቆምበት ሰዓት ይቆጠራል ወይ፣ የሹፌሩ ምሳ በማን ነው፣ ወደ ባልጪት ጥርጊያ መንገድ ይገባል ወይ። የመጨረሻው ካልተነሳ ዝቅ ያለ መኪና የያዘ ሹፌር አስፋልቱ ዳር አቁሞ «ከዚህ በእግራችሁ» ይላችኋል።

በሕዝብ ትራንስፖርት ከሆነ የቡታጅራን መኪና ተሳፍራችሁ ጥያ ላይ «ወራጅ» በሉ። ሙሉ ታሪፍ ሊያስከፍላችሁ ይችላል፤ ስትሳፈሩ ጠይቁ። አስቸጋሪው መመለሻው ነው፤ ከቡታጅራ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ሞልተው ነው የሚያልፉት። አምስት ሆናችሁ አንድ ላይ ቦታ ማግኘት ይከብዳልና ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መንገድ ዳር ሁኑ። ጥያንና መልካ ቁንጡሬን በአንድ ቀን በሚኒባስ መሥራት ለወጣት ይቻላል፤ ለእናንተ አንዱን ምረጡ።

የመግቢያ ክፍያ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። የአስጎብኚው ዋጋ ከመግቢያው የተለየ ከሆነ በሩ ላይ ጨርሱት። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የሰሞኑን የመንገድ ሁኔታ አጣሩ።

አዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንን «መንገድ ላይ ናት» ብሎ የሚያስገባችሁ ይኖራል። ከመሬት ወደ ታች የተፈለፈለች ስለሆነች መውረጃ አላት፤ ለታመመ ጉልበት አልመክርም።

ሌላ መልስ፦ ሁለት ሌሊት ማደር የሚችል ሰው ጌዴኦን ይመልከት፤ በድንጋይ ብዛት የሚተካከለው የለም። በዞኑ ከ50 በላይ ቦታዎች ላይ ከ10,000 በላይ ትክል ድንጋዮች እንዳሉ ይነገራል። ሳካሮ ሶዶ በሚባለው ቦታ ያሉት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ተመልሰዋል፤ ቀድሞ ከታሰበው በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይበልጣል። መነሻው ዲላ ነው፤ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሐዋሳ በኩል።

ጊዜ ካነሰ ቱቱ ፈላ የሚባለው ቦታ ይበቃል። እዚያ የሰው ፊትና አካል የተቀረጸባቸው አሉ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ በወንድ ብልት ቅርጽ የተሠሩ ነበሩ፤ በኋላ የመጣ ትውልድ በላያቸው ፊት ቀርጾባቸዋል። የድንጋዩን አናት ዙሩና ከኋላ እዩት፤ የድሮው ጎድጓዳ ቀለበት የቀረባቸው ታገኛላችሁ። ጨልባ ቱቱቲ በቁጥር ይበልጣል፣ ረጃጅምና ሲሊንደር መሰል ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ወድቀዋል። የወደቀው ላይ መቀመጥ ወይም መራመድ ነውር ነው።

መንገዱ በእንሰትና በቡና ጥላ ስር ነው፤ ፀሐይ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ቀይ ጭቃው ነው፦ ከዘነበ ባጃጅ ዳገቱን ይተወዋል፣ ቁልቁለቱም ያንሸራትታል። እዚያ በልግም ይዘንባል፤ ስለዚህ ታኅሣሥና ጥር ምረጡ። ጥርስ ያለው ሶል ይኑራችሁ። ለእናታችሁ ግን አይሆንም።

ተጨማሪ፦ ቅርጹን ፎቶ ለማንሳት ድንጋዩን ውሃ የሚያርከፈክፉ፣ በጠመኔ መስመሩን የሚያደምቁ፣ ድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት በብሩሽ የሚፍቁ አሉ። ሦስቱም ያበላሻሉ፤ ሽበቱ ሲፋቅ የድንጋዩን ቆዳ ይዞ ይነሳል። በምትኩ ጃኬት ወይም ጃንጥላ ይዛችሁ ድንጋዩ ላይ ጥላ አድርጉበት፣ ሌላ ሰው የስልክ መብራት ከጎን፣ ከድንጋዩ ገጽ ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው አዘንብሎ ያብራ። እኩለ ቀን ላይም ሰይፉ ብቅ ይላል። ድሮን ግን ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ቤት ተዉት።