የስልክ አማካሪዎችን በኮቺንግ ማሠልጠን ይገባልን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ ሲጋራ ማቆም የሚሹ ሰዎችን በስልክ የሚረዱ አማካሪዎችን ከመምከር ይልቅ ጠይቆ ማዳመጥን በሚያስቀድመው የኮቺንግ ክህሎት ለማሠልጠን በአገራችን ገንዘብ ሊመደብ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው።

የፋርማሲ ባለሙያ፦ በእኔ እምነት መድኃኒቱ ይቀድማል። የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይገኛሉ። በአንጻሩ የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ዓለም አቀፉ የኮክሬን ድርጅት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ማስረጃዎችን መርምረው፣ ከኮቺንግ ጋር የሚቀራረበው «ሞቲቬሽናል ኢንተርቪዊንግ» የተባለው ጠይቆ የማዳመጥ ስልት ሲጋራ በማስቆም ረገድ ከሌላው የምክር ዓይነት ይሻል እንደሆነ መደምደም አልቻሉም። ባልተረጋገጠ ነገር ላይ የድሃ አገር ገንዘብ ሊፈስ አይገባም።

ነርስ፦ የጠቀሱት ግኝት እውነት ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው የኮክሬን ግምገማ፣ ወደ ሲጋራ ማቆሚያ የስልክ መስመር የደወሉ አጫሾችን አማካሪው ራሱ ደጋግሞ ሲደውልላቸው የሚያቆሙት ከመቶ 7 ገደማ ወደ 10 ገደማ ከፍ እንደሚሉ አሳይቷል። ስለዚህ እኔ ሥልጠናውን የምደግፈው ለዚያ ተከታታይ ጥሪ ስል ነው። ሐራራው የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነውና በሦስተኛው ቀን ደውሎ «እንደገና አጨሱ እንዴ?» የሚል አማካሪ ስልኩ ይዘጋበታል፤ «ትናንት በጣም የከበደዎት ሰዓት የትኛው ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ሰውየው ራሱ ልብ ያላለውን ነገር ይሰማል። እኛ ዘንድ መልሱ ብዙ ጊዜ ጫት ነው። ጠዋቱን ሙሉ ታግሦ የቆየ ሰው በርጫ ላይ ተቀምጦ ምርቃናው ሲመጣ ሲጋራ ያነሣል፤ ይህን ሳያውቅ የሚመክር አማካሪ፣ መድኃኒቱ በእጁ ቢሆን እንኳ፣ የሚረዳው ጥቂት ነው።

የፋርማሲ ባለሙያ፦ ስለ ጫቱ የተናገሩት አሳምኖኛል። ይሁን እንጂ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገራዊ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ ለእነርሱ ብቻ የተለየ መስመር መክፈት ተገቢ ነውን?

ነርስ፦ አዲስ መስመር አያስፈልግም። ሰዎች ስማቸውን ሳይናገሩ ስለ ኤች አይ ቪ ምክር ያገኙበት የ952 የስልክ መስመር ልምድ አለን። በተለይ ማጨሷን ከቤተሰቧ የደበቀች ሴት ጤና ጣቢያ ተሰልፋ ከምትናገር በስልክ ብትናገር ይቀላታል። በዚያ ዓይነት መስመር ላይ ያሉትን አማካሪዎች እናሠልጥን፤ ከዚያም ደዋዩ ሲፈቅድ ንግግሩን ሰምተን ክህሎቱ በእርግጥ መኖሩን እንመዝን።

የፋርማሲ ባለሙያ፦ እንግዲያው አማካሪው ማስቲካው የት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚወሰድም ይሠልጥን። ይህ ከተካተተ ተቃውሞዬን አነሣለሁ።