በአዳማ ሙቀትና አቧራ፣ የቆዩ የብረት መስኮቶችን መቀየር ያዋጣል ወይስ ማደስ ይሻላል?

የቤቱ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዳማ ውስጥ፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ወላጆቼ በ1974 ዓ.ም. ባሠሩት የብሎኬት ቤት ነው። ቤቱ ዘጠኝ መስኮቶች አሉት፤ ሁሉም በጊዜው እንደተለመደው ከኤልቲዜድ ብረት (የኤል፣ የቲና የዜድ ቅርጽ ካላቸው ዘንጎች) የተበየዱ፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትር መስታወት ናቸው። መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ደርቆ ስለረገፈ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ይንቀጫቀጫሉ፤ ከየካቲት ጀምሮ ደግሞ ጠዋት የወለወልሁት ጠረጴዛ እኩለ ቀን ሳይሞላ በጣት ይጻፍበታል። ከሁሉ የከፋው በምዕራብ በኩል ያለው የእናቴ ክፍል ነው። እያንዳንዳቸው 1.50 በ1.20 ሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች አሉት፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ክፍሉ ሰው አያስቀምጥም፣ እናቴም እስኪመሽ በረንዳ ላይ ትቀመጣለች።

ቤቱን ያየ አንድ ባለሙያ ዘጠኙም ወጥተው በተንሸራታች አሉሚኒየምና በሚያንጸባርቅ ሰማያዊ መስታወት ይቀየሩ ብሎኛል። ዱባይ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ደግሞ «ድርብ መስታወት ካልሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ» ይለኛል። ማቀዝቀዣ የለንም፣ ለመግዛትም አላሰብንም። ገንዘቤ ለሁሉም ስለማይበቃ፣ ከየት ብጀምር እንደሚሻል ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ሰመራ የሠራ

እህቴ፣ ሰመራ ስድስት ዓመት ሠርቼ ስለተመለስሁ ስለ በረሃ መስኮት ጥቂት የምለው አለኝ። የአጎትዎ ልጅ የሚናገረው ለሚኖርበት አገር ትክክል ነው። በዱባይም ሆነ በሰመራ በሞቃቱ ወራት ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ሌሊቱም ከ25 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም፤ ስለዚህ እዚያ መስኮት የሚፈለገው ተዘግቶ እንዲውልና እንዲያድር ነው። ውስጡን ማቀዝቀዣ ያበርደዋል፣ ድርብ መስታወቱም የውጪው ሙቀት ወደዚያ ብርድ እንዳይሻገር ይከለክላል፤ ሎው-ኢ የሚባለው ዐይን የማያየው ስስ ሽፋንም ብርሃኑን እያሳለፈ የሙቀት ጨረሩን ይመልሳል።

አዳማ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በግንቦት እንኳ ቀኑ 30 ዲግሪን ቢያልፍ ሌሊቱ ከ20 በታች ይወርዳል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት የሚድነው በዚህ ሌሊት ነው፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሲያወጣ ማለቴ ነው። ለተከፈተ መስኮት ድርብ መስታወት ምን ያደርግለታል? የእናትዎን ክፍል የሚያግለው በቀጥታ የሚገባው ፀሐይ ነው፤ ሽፋን የሌለው ድርብ መስታወት ደግሞ ቀጥተኛ ፀሐይን ብዙም አያግድም።

የሕንፃ መሐንዲስ

ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ነገሩን በቁጥር ላሳይ። ሰማዩ ሲጠራ ከቀኑ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ምዕራብ በሚያይ ግድግዳ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 600 ዋት ገደማ የፀሐይ ኃይል ያርፋል፤ ስስ ንጹህ መስታወት ከዚህ ውስጥ ከመቶ 85 ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። የሁለቱ መስኮቶች ብረት ተቀንሶ 3 ካሬ ሜትር መስታወት ቢኖር፣ ወደ ክፍሉ የሚገባው 1,500 ዋት ያህል ይሆናል። የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚወስድ፣ በእናትዎ አልጋ አጠገብ በየቀኑ ግማሽ ምጣድ ተጥዶ ይመሻል ማለት ነው።

መጋረጃ ይህን ሙቀት አያስቀረውም፤ ፀሐዩ መስታወቱን ካለፈ በኋላ መጋረጃውን ያግለዋል፣ መጋረጃውም ክፍሉን። ቀለም ያለው መስታወት፣ ለምሳሌ ነሐስማ ወይም ግራጫ ባለ 6 ሚሊ ሜትር፣ የሚያሳልፈውን ከመቶ ወደ 60 ገደማ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያላሳለፈውን ግን ራሱ ውጦ ስለሚግል አጠገቡ ለተኛ ሰው ምቾት የለውም። በዚያ ላይ እንዲህ ያለው መስታወት ግማሹ በጥላ፣ ግማሹ በፀሐይ ሲሆን የጋለው ክፍል ይለጠጣል፣ ቀዝቃዛው ጠርዝ ይይዘዋል፤ ጠርዙ በደንብ ያልተቆረጠ ከሆነም ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። ደንበኞች «ድንጋይ ተወረወረብን» እያሉ ጎረቤት ሲከስሱ አይቻለሁ።

ፀሐይን መያዝ ያለብን ከመስታወቱ ውጪ ነው፤ እንዴት እንደሚያዝ ግን እንደ አቅጣጫው ይለያያል። አዳማ በሰሜን ኬክሮስ 8.5 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል ትሆናለች። በሁለቱም ወቅት ከፍ ብላ ስለምትሄድ ለሰሜንና ለደቡብ መስኮቶች ከ60 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር የወጣ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃል። ምዕራቡ ላይ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ በ11 ሰዓት ፀሐይዋ ስለምታዘቀዝቅ ያው 60 ሳንቲ ሜትር ክፈፍ የሚጥለው ጥላ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ምዕራቡ ከላይ የሚወጣ ክዳን ሳይሆን ከፊት ለፊት የሚቆም ነገር ይፈልጋል፦ ርብራብ የእንጨት መዝጊያ፣ የሚጠቀለል ሸራ፣ ወይም ከግድግዳው ራቅ ብሎ የተተከለ ዛፍ።

ከማንኛውም ወጪ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ነጣ ያለ ሸራ ወይም አሮጌ አንሶላ ከመስኮቶቹ ውጪ፣ ከመስታወቱ አንድ ክንድ ያህል አርቀው ይስቀሉና ለአንድ ሳምንት በ11 ሰዓት የክፍሉን ሙቀት በቴርሞ ሜትር ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ የሚወስኑት በራስዎ ቁጥር ይሆናል።

አሉሚኒየም ሠሪ ከቦኩ

ሥራዬ አሉሚኒየም ስለሆነ ወገንተኛ ልባል እችላለሁ፤ ሆኖም ለአቧራ ከሆነ ጎማው በደንብ የገባ አሉሚኒየም ከረገፈ ስቱኮ እንደሚሻል ማንም አይክደኝም። የተንሸራታቹ ጉዳይ ግን መነገር አለበት። ተንሸራታች መስኮት የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው፣ ክፍተቱን የሚዘጋው የጠርዙ ብሩሽም በአዳማ አቧራ ቶሎ ያልቃል። በማጠፊያ የሚከፈተው ዋጋው ከፍ ቢልም ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ሲዘጋም ጎማው ላይ ተጭኖ ስለሚያርፍ አቧራ ያግዳል። ተንሸራታች ካሠሩ ከታችኛው ሐዲድ ያሉትን የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች በየወሩ ያጽዱ፤ ክረምት ላይ «መስኮቱ አስገባብኝ» ከሚሉኝ ቤቶች አብዛኞቹ ቀዳዳቸው በጭቃ ተደፍኖ የማገኘው ናቸው።

የሚያንጸባርቅ መስታወት ቀን ላይ ወደ ውስጥ አያሳይም፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ነገሩ ተገልብጦ ውጪ የቆመ ሰው ሁሉንም ያያል። ስለ ድርብ መስታወትም አንድ ነገር ልጨምር። በባሕር ጠረፍ ተሠርቶ የታሸገ ድርብ መስታወት ወደ እኛ ከፍታ ሲወጣ፣ የውጪው አየር ግፊት ስለሚቀንስ የታሸገው አየር ይነፋና ሁለቱን መስታወቶች ወደ ውጪ ያሳብጣቸዋል፤ ማሸጊያው ተጎድቶ ውስጡ ጉም የሚይዘውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። አስመጪው ለከፍታ ተብሎ የተሠራ መሆኑን ካላረጋገጠልዎ አይግዙ።

ጡረተኛ ፎርማን

ልጄ፣ በእነዚያ ዓመታት የተሠሩትን መስኮቶች ከዛሬዎቹ ጋር እኩል አድርገሽ አትናቂያቸው፤ ብረታቸው ወፍራም ነው። መጀመሪያ በመሮ የታችኛውን ጠርዝ ነካ ነካ አድርጊ። ብረቱ ሳይበሳ ዝገቱ ከላይ ብቻ ከሆነ ማደስ ያዋጣል፦ የደረቀው ስቱኮ ተነቅሎ፣ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ አንቲረስት ተቀብቶ፣ ከዚያ በአዲስ ስቱኮ ወይም በሲሊኮን መስታወቱ ይታሰራል፤ በመዝጊያው ዙሪያም የሚለጠፍ ጎማ ይደረጋል። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል በውሃ እያራሳችሁ ፋቁ እንጂ በደረቁ በማሽን አታስፍቁ፤ በተለይ ሕፃን ካለ።

የተበላው ግን መውጣት አለበት። የድሮው ቴላዮ (የመስኮቱ ዙሪያ ፍሬም) በግድግዳው ውስጥ በተቀበሩ የብረት ጆሮዎች የታሰረ ስለሆነ፣ በመዶሻ እየነቀነቁ ካወጡት ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጠርዙ ይፈርሳል። መጀመሪያ ብረቱ መሐል ለመሐል ይቆረጥ፣ ጆሮዎቹም አንድ በአንድ ይቆረጡ። ልኬቱን ባለሙያው በአንድ ቦታ ብቻ ሲወስድ ካየሽ አስቁሚው። ስፋቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ ቁመቱም እንዲሁ ሦስት ቦታ ይለካል፤ ከሦስቱ ትንሹ ተይዞ ከእሱም 10 ሚሊ ሜትር ይቀነሳል። ማዕዘን ለማዕዘንም ተለክቶ ሁለቱ ካልተስማሙ ቀዳዳው ጠማማ ነው።

ያ የሚቀረው ክፍተት አያሳስብሽ፣ ለአሉሚኒየም የግድ ያስፈልገዋል። ሁለት ሜትር አሉሚኒየም በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል። በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥና በጥር በፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲያንቀጠቅጠን እንደነበርም አንርሳ፤ በሲሚንቶ ጥርቅም ተደርጎ የተደፈነ መስኮት የግድግዳውን ጫና በሙሉ መስታወቱ ላይ ያሳርፈዋል። ክፍተቱ በፎም ይሞላ፤ ፎሙ ግን ፀሐይ ካገኘው ስለሚፈረፈር ወዲያው በልስን ወይም በሲሊኮን ይሸፈን። የመስኮቱ ደፍም ወደ ውጪ ያዘንብል።

ወቅቱን ከጠየቅሽኝ ጥቅምትና ኅዳር ይሻላሉ፤ ዝናቡ አልፎ አቧራው ገና አልተነሣም።

ጎረቤት

እኔም ያለሁት በዚያው መንገድ ነው፤ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ከዓመታት በፊት ለአንድ ወርክሾፕ (ስሙን አልጠቅስም) ከጠቅላላው ክፍያ አብዛኛውን አስቀድሜ ሰጥቼ ሦስት ወር በፕላስቲክ የተሸፈነ መስኮት ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አቧራውን አትጠይቁኝ። አዲሱ ተሠርቶ ደጃፍዎ ሳይደርስ የድሮው እንዳይነቀል፣ የመጨረሻው ክፍያም ውሃ በባልዲ ተረጭቶ ሳይፈተሽ እንዳይከፈል በጽሑፍ ይያዝ። ሁለተኛው፣ በ8 ሰዓት ወንበር ላይ ቆመው ኮርኒሱን በመዳፍዎ ይንኩት። የእኛ ቺፑድ እንደ ምድጃ ይጋል ነበር፤ ለካ ከቆርቆሮው በታች ያለው አየር መውጫ አልነበረውም። በሁለቱም ጫፍ በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ አስከፈትንለት፣ ከመስኮቶቹ ይልቅ የጠቀመን እሱ ነው።

የቤቱ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መሐንዲሱ እንዳሉት ሸራ ሰቅዬ ስምንት ቀን መዘገብሁ። ሳይሰቀል በ11 ሰዓት 34 ዲግሪ ያሳይ የነበረው ክፍል ከተሰቀለ በኋላ ከ30 አላለፈም፤ እናቴም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ እዚያው ጋደም ማለት ጀምራለች። ኮርኒሱንም ነክቼዋለሁ፤ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም።

ጋሽ ፎርማን እንዳሉኝ በመሮ ስፈትሽ፣ የተበሱት በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያሉት የመታጠቢያ ቤቱና የማድ ቤቱ ሁለት መስኮቶች ብቻ ሆነው አገኘኋቸው። እነሱን በማጠፊያ በሚከፈት አሉሚኒየምና በንጹህ ባለ 5 ሚሊ ሜትር መስታወት አስቀይራለሁ፤ ሰባቱን አሳድሳለሁ፣ የወባ ትንኝም ስላለ በውስጥ በኩል የሚነሣ ወንፊት አሠራላቸዋለሁ። ለምዕራቡ ግን ሸራው ነፋስ በተነሣ ቁጥር ስለሚርገበገብ ቋሚ መዝጊያ እፈልጋለሁ። ብረት ሠሪው ከላሜራ ልሥራልሽ ይለኛል። ከላሜራ ወይስ ከእንጨት ይሁን?

ጡረተኛ ፎርማን

ከእንጨት ይሁን፣ ርብራብ ሆኖ። ላሜራ ራሱ ግሎ ሙቀቱን ወደ መስታወቱ ይመልሰዋል፣ ሲዘጋም ነፋስ አያሳልፍም። ርብራቡ ወደ ውጪ ያዘንብል፣ ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ከብረቱ መስኮት ጋር እንዳይጋጭ ማጠፊያው ከግድግዳው ፊት ወጣ ብሎ ይታሰር። ብሎኬት ውስጥ ፊሸር (ብሎን የሚገባበት የፕላስቲክ መያዣ) ብቻውን ስለማይይዝ፣ ማጠፊያው የሚያርፍበት ቦታ ተፈልፍሎ በአርማታ ይሞላና ብሎኑ እዚያ ይግባ። ሲከፈትም ከግድግዳው ጋር የሚይዘው መንጠቆ ከላይና ከታች ሁለት ይሁን፤ በአንድ መንጠቆ የተያዘ መዝጊያ የአዳማ ነፋስ አንድ ሌሊት ሲያማታው አድሮ ጠዋት መሬት ላይ ታገኚዋለሽ።