የሐምሌው ጉዞ ወደ አይል ኦፍ ዋይት፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ጸሐፊ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የዘንድሮው የማኅበራችን ጉዞ ወደ አይል ኦፍ ዋይት እንዲሆን ተስማምተናል። በደቡብ እንግሊዝ ያለች ደሴት ናት፣ ራሷን የቻለች ካውንቲም (የአስተዳደር ክፍል) ናት። ለኮሚቴው የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንጻፈው። የእኔ መነሻ ይኸው፦ ጠዋት ኦዝቦርን ቤተ መንግሥት፣ ቀጥሎ የካሪስብሩክ ግንብ፣ የቤምብሪጅ የንፋስ ወፍጮ፣ የካልቦርን የውሃ ወፍጮ፣ መጨረሻ ፍሬሽዋተር የምትባለው መንደር። ቀኑ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ያለው የመጨረሻው ቅዳሜ ቢሆንስ? ልጆቹ ትምህርት ዘግተዋል፣ የምሳ ነገርም በጾም አያስጨንቅም። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምንጽፈው።

ሒሳብ ሹም፦
አምስት ቦታ በአንድ ቀን? ይሄማ ሩጫ ነው። ካርታውን እዩት። ኦዝቦርን ሰሜን ነው፣ ቤምብሪጅ ምሥራቅ ጫፍ፣ ፍሬሽዋተር ምዕራብ ጫፍ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በበጋ ደግሞ ቱሪስት ይሞላዋል። እኔ ሁለቱም ወፍጮዎች ይውጡ ባይ ነኝ። ለወፍጮ ብሎ ባሕር የሚሻገር ሰው አላውቅም።

የእናቶች ተወካይ፦
ልጄ፣ አንተ እህል ተሸክመህ ወፍጮ ቤት ተሰልፈህ ስለማታውቅ ነው። እኔ በመጅ ፈጭቻለሁ፣ ናፍጣ ወፍጮም ሰፈራችን ሲገባ አይቻለሁ። የልጅ ልጆቼ ግን ዱቄት ከሱፐርማርኬት የሚወለድ ነው የሚመስላቸው። ቤተ መንግሥት በቴሌቪዥንም ይታያል። ድንጋይ ሲፈጭ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ወፍጮው አይነካ።

የወጣቶች ክፍል፦
ከእማማ ጋር ነን። ቤምብሪጅ እንዲቀር አንፈልግም። ወደ 1700 ገደማ የተሠራ ነው፣ በደሴቷ ላይ ሳይፈርስ የቀረው የንፋስ ወፍጮ እሱ ብቻ ነው። ሠዓሊው ተርነር በወጣትነቱ ሥሎታል። ለመጨረሻ ጊዜ የፈጨው በ1913 ነው፣ የእንጨት ማሽኑ ግን እስካሁን ውስጡ አለ። አሠራሩ ደስ ይላል፦ እህሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፣ ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ድንጋዮቹ ይወርዳል፣ ዱቄት ሆኖ ታች ይጠብቅሃል። የታችኛው ድንጋይ አይንቀሳቀስም፣ የሚዞረው የላይኛው ነው።

የሳውዝሃምፕተኑ አባል፦
እኔ እዚሁ አጠገቡ ስለምኖር የመርከቡን ነገር ልንገራችሁ። ከሳውዝሃምፕተን ተነስቶ ኢስት ካውስ የሚገባው መርከብ ኦዝቦርን ደጃፍ ላይ ያወርደናል ማለት ይቻላል። አውቶብሱም አብሮ ይጫናል። ማታ ግን በዚያው አንመለስ። ከፍሬሽዋተር አጠገብ ያርማውዝ የሚባል ወደብ አለ፣ ከዚያ ወደ ሊሚንግተን መሻገር ነው። እንዲህ ካደረግን ከሰሜን ገብተን በመሐል አቋርጠን በምዕራብ እንወጣለን። ካሪስብሩክና ካልቦርን መንገዳችን ላይ ናቸው፣ ቤምብሪጅ ግን ተቃራኒ ነው። ሌላው፣ በበጋ ቅዳሜ ቤት ተከራይተው የሚያርፉት እንግዶች የሚቀያየሩበት ቀን ስለሆነ መርከቡ ቶሎ ይሞላል። ቦታ አሁኑኑ መያዝ አለበት።

ሒሳብ ሹም፦
ሁለቱ መርከቦች የሁለት ድርጅት ናቸው እኮ። ደርሶ መልስ ቲኬት አይሆንም ማለት ነው። ዋጋውን አወዳድሬ አመጣለሁ።

የታሪክ ንዑስ ኮሚቴ፦
ስለ መርከብና ስለ ወፍጮ ስንጨቃጨቅ ዋናው ነገር እንዳይጠፋ። እኛን ወደዚህ ደሴት የሚወስደን የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ደጃዝማች ዓለማየሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሚያዝያ 1868 ሞቱ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲጓዙ በወሩ ዐረፉ። በሐምሌ ልጁ ኦዝቦርን ላይ ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ዕድሜው ሰባት ነበር። ያሳደገው፣ በእኛ አገር ባሻ ፈለቀ ይባል የነበረው ካፒቴን ስፒዲ፣ ፍሬሽዋተር ይዞት መጣ። እዚያ ትኖር የነበረችው ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶ አነሳችው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው፣ ፈገግታ የሌለባቸው ፎቶዎች እነዚያ ናቸው። ቤቷ ዲምቦላ ዛሬ ሙዚየም ነው። እንግዲህ ፍሬሽዋተርን "ጊዜ ከተረፈ" ብሎ ማስቀመጥ አይሆንም። ሁለት ሰዓት ይሰጠው።

አንድ ማሳሰቢያም አለኝ። ኦዝቦርን ውስጥ ሁሉም ሰው የሚደነቅበት በሕንድ ጥበብ የተሠራ ትልቅ አዳራሽ አለ። የተሠራው በ1890ዎቹ መጀመሪያ ነው። ዓለማየሁ ያረፈው በ1879 ሊድስ ውስጥ ነው፣ መቃብሩም ዊንዘር ነው። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ቆመን "እዚህ ጋ ነበር የቆመው" ብለን ለልጆቹ እንዳንነግር።

የወጣቶች ክፍል፦
የዓለማየሁ አጽም ወደ ኢትዮጵያ እንዲመለስ የቀረበው ጥያቄ በ2023 ከእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እምቢታ እንደገጠመውም ይነገር። አውቶብስ ውስጥ አጭር ገለጻ እናዘጋጃለን። በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

የእናቶች ተወካይ፦
ገለጻው አጭር ይሁን፤ ልጆቹን ታስለቅሳላችሁ። የዚያ ልጅ ታሪክ ሲነሳ እኔም ማልቀሴ አይቀርም።

ጸሐፊ፦
ካሪስብሩክ ላይ የተናገረ የለም። ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ከመገደሉ በፊት የታሰረበት ግንብ ነው። በመስኮት ብረት ሾልኮ ሊያመልጥ ሲል መሐል ላይ ተቀርቅሮ ቀርቷል። ለሕፃናቱ ግን አህዮቹ ይበልጣሉ። ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ውስጥ ገብተው እየረገጡ ከጥልቁ ጉድጓድ ውሃ እንዴት ይቀዱ እንደነበር ያሳያሉ። አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ኦዝቦርንና ካሪስብሩክ በአንድ ድርጅት ሥር ስለሆኑ የቡድን ቅናሹን በአንድ ደብዳቤ እንጠይቅ።

እስካሁን ከተባለው የተሻሻለው ረቂቅ ይህ ነው። ኦዝቦርን፣ ካሪስብሩክ፣ ካልቦርን፣ ፍሬሽዋተር፣ ከዚያ ያርማውዝ። የውሃው ወፍጮ መንገዳችን ላይ ስለሆነ ይቆያል። የንፋሱ ወፍጮ ይወጣል። መንገዱ ብቻ አይደለም፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ለትልልቆቹ ይከብዳል።

የወጣቶች ክፍል፦
እሺ፣ ቤምብሪጅን ለቀቅን። ግን ረቂቁ ላይ "ወጣቶች በመስከረም በራሳቸው ይሄዳሉ፣ ማኅበሩ ግማሽ ትራንስፖርት ይችላል" ተብሎ ይጻፍልን።

ሒሳብ ሹም፦
ግማሽ አልችልም፣ ሲሶ እችላለሁ። ይጻፍ።

የሳውዝሃምፕተኑ አባል፦
ካልቦርን እኔ እደውላለሁ። በዚያ ቀን ድንጋዩ ይዞር እንደሆነና ትልቅ አውቶብስ ማቆሚያ እንዳላቸው እጠይቃለሁ። የቆመ ወፍጮ ከሆነ የሚያሳዩን ቀኑን እንቀይራለን።

የእናቶች ተወካይ፦
ዱቄታቸውን ይሸጡ እንደሆነም ጠይቅልኝ፣ ልጄ። ለድፎ ዳቦ የሚሆን።