የወሊድ አጋዥ ልቅጠር ወይስ ባለቤቴና እህቴ ይበቁኛል?

ጥያቄ፦ የ31 ሳምንት ነፍሰ ጡር

ሰላም እህቶች፣ ወንድሞች። የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ 31ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። እርግዝናው እስካሁን ደህና ነው፤ የምወልደውም ክትትል በማደርግበት ሆስፒታል ነው። ሰሞኑን አንዲት ጓደኛዬ «ዱላ» የሚሏትን የወሊድ አጋዥ ቀጥራ እንደወለደች አጫወተችኝ። ሴትየዋ አዋላጅ አይደለችም፤ ምጥ ከጀመራት አንስቶ እስክትገላገል ካጠገቧ አልተለየችም። ጓደኛዬ ምስጋናዋ አያልቅም።

እኔ ግን መወሰን አቃተኝ። ባለቤቴ አብሮኝ ሊገባ ይፈልጋል፤ ነገር ግን ደም ሲያይ ራሱን ያዞረዋል፣ እሱም አይደብቀውም። የአጋዥ ነገር ሳነሳበት ደግሞ «እኔ እያለሁ የማናውቃት ሰው ተከፍሏት እጅሽን ልትይዝ ነው?» ብሎ ተከፋ። እህቴ እመጣለሁ ብላለች፣ እሷ ግን ወልዳ አታውቅም። እናቴ ሩቅ ናት። ወጪውም ያሳስበኛል። የቀጠራችሁም ያልቀጠራችሁም፣ በእውነት ምን ለውጥ አለው? በኤፒዱራል፣ ማለትም ከወገብ በታች በሚያደነዝዘው የጀርባ መርፌ የምወልድ ከሆነስ ጥቅም አላት?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አደረሰሽ። ማዋለጃ ክፍል ስለምሠራ ከኛ በኩል ያለውን ልንገርሽ። እኛ የፅንሱን የልብ ምት እናዳምጣለን፣ የማህፀን በር ምን ያህል እንደተከፈተ እናያለን፣ የደም ግፊት እንለካለን፣ እንመዘግባለን፤ ከዚያ ምጥ ላይ ወዳለችው ወደ ሌላዋ እናት እንሄዳለን። ፈረቃችን ሲያልቅም ሌላ ሰው ይተካናል። የመጀመሪያ ልጅ ምጥ ደግሞ ረጅም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ ምጡ የሚፋፋመው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ሲከፈት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ እንኳ ለመጀመሪያ ወላድ እስከ 12 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ልክ የለውም፤ ከሴት ሴት ይለያያል። በዚህ ሁሉ ሰዓት አንቺን ብቻ የሚያይ ሰው ያስፈልግሻል።

ጥቅሙም በጥናት የታየ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ2017 ያወጣው ግምገማ በ17 አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ አይቷል። በምጥ ጊዜ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ እናቶች በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸው ቀንሷል፤ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱትም አንሰዋል፤ ከወለዱ በኋላ ወሊዳቸውን በክፉ የሚያስታውሱትም እንደዚሁ። ምጡም አጥሯል፤ ነገር ግን በአማካይ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ነው። ስለዚህ «እኔን ከቀጠርሽ ኦፕሬሽን አይነካሽም» የምትልሽ ካለች ሌላ ፈልጊ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያም የሚለው እያንዳንዷ ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን ነው። ባል፣ እህት ወይም ተከፋይ አጋዥ ሊሆን ይችላል፤ ምርጫው ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ግን ይለይልሽ። አጋዥ አትመረምርም፣ መድኃኒት አትሰጥም፣ ባንቺ ፈንታ ከሐኪም ጋር አትሟገትም። ይህን ድንበር የምታውቅ አጋዥ ለኛም እፎይታ ናት።

መልስ፦ አጋዥ ቀጥራ የወለደች እናት

የኔ ልጅ ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶ ስለነበር ሕመሙ በሙሉ ወገቤ ላይ አረፈ። ጋደም ማለት አልቻልኩም። አጋዤ በጉልበቴ አንበርክካ ትልቅ ኳስ አሳቀፈችኝ፤ ከዚያ የመዳፏን ሥር ከወገብ በታች ባለው ጠፍጣፋ አጥንት ላይ አሳርፋ፣ ምጡ ሲመጣ በሰውነቷ ክብደት ገፋችው። ማሸት አይደለም፤ እጇ ሳይንቀሳቀስ አጥብቆ መግፋት ነው፣ ምጡ እስኪያልፍ። ሕመሙ አልጠፋም፣ ግን መተንፈስ ቻልኩ።

ከዚያ ያደረገችው ነገር ነው ላንቺ ባለቤት የሚጠቅመው። የባለቤቴን እጅ ይዛ ቦታውን አሳየችው፤ «በክንድህ አትግፋ፣ ቶሎ ይደክምሃል፣ ሰውነትህን ጣልበት» አለችው። ከዚያ በኋላ የገፋው እሱ ነው። እሷ ውሃ ታጠጣኝ ነበር፤ አልፎ አልፎም ወደ መጸዳጃ ቤት ትወስደኛለች፤ ፊኛ ሲሞላ ልጁ ወደ ታች እንዳይወርድ ያስቸግራልና። እኔ ይህንን በዚያ ሰዓት ማን አስታውሶኝ! ቦታውን አልወሰደችበትም። ይልቅ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ጥግ ላይ ቆሞ እንዳይጨነቅ አደረገችው።

በመጨረሻ ኤፒዱራል ወስጃለሁ። ያኔም አልሄደችም። እግሬ ስለከበደኝ ከነርሷ ጋር ሆና ካንዱ ጎን ወደ ሌላው ታዞረኝ ነበር፣ በጉልበቶቼ መካከልም የኦቾሎኒ ቅርጽ ያለው ኳስ ታደርግልኛለች። ከወለድኩም በኋላ ልጁ ጡት እስኪይዝልኝ ቆየች።

መልስ፦ በእህቷ ብቻ የወለደች እናት

እኔ አልቀጠርኩም፣ አልቆጨኝምም። እህቴም እንዳንቺ እህት ወልዳ አታውቅም ነበር። ግን ሆስፒታሉ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠውን ትምህርት አብራኝ ተማረች፣ ቤትም ተለማመድን። ስፈራ ድምፄ እንዴት እንደሚሆን ታውቃለች፤ ይህን የትኛዋም ባለሙያ በሁለት ቀጠሮ አታገኘውም።

ነገር ግን ዝም ብሎ መምጣት አይበቃም። የሚገባው ሰው ስልኩን ያስቀምጥ፣ አስቀድሞ በልቶ ይግባ፣ አንቺ ስትጮሂ አብሮ የሚያለቅስ አይሁን። እንዲህ ያለ ሰው ካለሽ፣ ገንዘቡን ለአራስነትሽ ማገዣ ብታውይው እመርጣለሁ። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ሲከብዱ ማንም አስቀድሞ አይናገርም።

መልስ፦ የሁለት ልጆች አባት

እህቴ፣ የባለቤትሽ መከፋት ይገባኛል። ለኛ ለወንዶች «ሌላ ሰው እንቅጠር» ሲባል «አንተ አትረባም» የተባልን ይመስለናል። ስለዚህ ወስነሽ አትንገሪው፤ ከአጋዧ ጋር ስትገናኙ አብሮሽ ይሂድና «ባለቤቷ የማደርገው ምንድን ነው?» ብሎ ራሱ ይጠይቃት። መልሷ ብዙ ይነግራችኋል። እሱን ትታ ላንቺ ብቻ የምትመልስ ከሆነ ለእናንተ አትሆንም።

ራሱን የሚያዞረው ከሆነ ደግሞ ከራስጌሽ፣ ከትከሻሽ ጎን ይቀመጥ። ከዚያ ሆኖ ፊትሽን እንጂ ደም አያይም። ሆዱን ባዶ አድርጎ አይግባ፤ ከከበደው ምንም ሳያፍር ቶሎ ይቀመጥ ወይም ይውጣ። ለዚያች ደቂቃ ሌላ ሰው ካጠገብሽ መኖሩ ለእሱም እረፍት ነው።

መልስ፦ በአጋዧ ያዘነች እናት

እኔ የሌላኛውን ወገን ልንገራችሁ። የሽርት ውሃዬ አረንጓዴ ሆኖ ሲፈስ ደወልኩላት። «ገና ነው፣ ቶሎ ከሄድሽ ያጣድፉሻል፣ ቤት ቆዪ» አለችኝ። አልሰማኋትም፣ ሄድኩ። ልጁ ውስጥ እያለ ሰገራ ስለጣለ የልብ ምቱን በቅርብ ተከታተሉት፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነው። እንዲህ ያለውን ነገር መወሰን የእሷ ሥራ አልነበረም። ደም ከፈሰሰሽ፣ ውሃው ቀለም ከያዘ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት መጥቶ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ መጀመሪያ ለሆስፒታልሽ ደውይ። አጋዧ በኋላ ትሰማለች።

በብዙ አገር ይህ ሥራ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ የምስክር ወረቀቱን የሚሰጡት ማኅበራትና የግል ማሠልጠኛዎች ናቸው። ስለዚህ ከወረቀቱ ይልቅ ከእሷ ጋር የወለዱ እናቶችን አነጋግሪ። እሷን ደግሞ «ሐኪሙና አንቺ ባትስማሙ ምን ታደርጊያለሽ?» በያት። እኔ ብጠይቅ ኖሮ ቀድሞ ይገባኝ ነበር። ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ቀንም ሌሊትም እንደምትጠራ፣ ሌላ ወላድ ጋ ብትሆን ማን እንደሚተካት፣ ወሊዱ ድንገት በቀዶ ጥገና ቢሆን ክፍያው እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ ይስፈር።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ሁሉንም አነበበው፤ ከራስጌ መቀመጡን በጣም ወዶታል። ዛሬ ሆስፒታሉ ደውዬ ነበር፣ ወደ ማዋለጃው የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው አሉኝ። እንግዲህ ባለቤቴን ውጪ አቁሜ አጋዥ ማስገባት አልችልም፣ አልፈልግምም። ነገሩ በዚሁ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

አላለቀም። «አንድ ሰው» ሲሉሽ ባንድ ጊዜ አንድ ሰው ማለታቸው ነው ወይስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያው አንዱ? መቀያየር ከተፈቀደ ባለቤትሽና እህትሽ ይፈራረቃሉ፤ አጋዥ ብትቀጥሪም እንደዚሁ። ካልተፈቀደ ግን ለምጡ ቀን ቀጥረሽ በር ላይ ከምትቀርብሽ፣ ከወሊድ በፊት ለአንድ ሁለት ጊዜ ብቻ የምታሠለጥናችሁ ካለች ጠይቂ። ያቺ እናት የነገረችሽን የወገብ መግፋት፣ አቀማመጡን፣ አተነፋፈሱን ለባለቤትሽ ታሳየው። እህትሽም ምጡ ገና ሳይበረታ፣ ቤት ባለሽበት ሰዓት ታግዝሻለች። ወጪውም ይቀንሳል።

ደግሞ የቀኑና የሌሊቱ ደንብ አንዳንዴ ይለያያል፤ በስልክ ከሰማሽው አትነሺ። በሚቀጥለው ክትትልሽ የማዋለጃ ክፍሉን ኃላፊ አግኝተሽ ባለቤትሽ ባለበት ጠይቂያት፤ መልሱም በካርድሽ ላይ ይጻፍልሽ።