ለቴሲስ ጽሑፍ ፍለጋና ሪፈረንስ አያያዝ የቱ ይሻላል? ሞክሬ ያየሁት

ሰሞኑን ፕሮፖዛል የጀመራችሁ ልጆች በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ጽሑፍ ከየት ይገኛል? ሪፈረንስ በምን ይያዛል? ሪቪው የሚባለው፣ ቀድሞ የተሠሩ ጥናቶችን የምንዳስስበት ክፍልስ እንዴት ይጻፋል? ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ላስፍረው። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በኅብረተሰብ ጤና ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ። ሌላ ትምህርት የምታጠኑም የሚሆናችሁ አታጡም።

ከብር እንነሳ። መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ግቢያችን አጥር ጥግ ያለ አንድ የኮምፒውተር ቤት ለአንድ ፒዲኤፍ 50 ብር ይቀበለኝ ነበር። አሥራ አንድ ጽሑፍ ገዛሁ። በኋላ አንድ በአንድ ስፈልጋቸው ሰባቱ ለማንም በነፃ የተለቀቁ ነበሩ። የቀሩት አራቱም በላይብረሪያችን በኩል ያለ ክፍያ ይወርዱ ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም እንደኔ እንዳይከፍል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ሂናሪ የሚባለው የኦንላይን የጽሑፍ ክምችት ነው። ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ጥላ ሥር አምስት ክምችቶች አሉ። ሂናሪ ለጤና፣ አጎራ ለግብርና፣ ኦአሬ ለአካባቢ፣ አርዲ ለቴክኖሎጂ፣ ጎአሊ ለሕግ። ኢትዮጵያ ያለ ክፍያ ከሚጠቀሙት አገሮች ምድብ ውስጥ ናት። የሚመዘገበው ግን ተቋሙ እንጂ ተማሪው አይደለም። መግቢያውን የምታገኙት ከላይብረሪ ነው። እኔ ስጠይቅ ጠረጴዛው ላይ የነበሩት እናት በቁራጭ ወረቀት ጻፉልኝና «ልጄ፣ እስካሁን ሳትጠይቀን?» አሉኝ። ያን ወረቀት እስከ ዲፌንስ፣ ጽሑፌን ፈታኞች ፊት እስካቀረብኩበት ቀን ድረስ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞሬያለሁ። የይለፍ ቃሉን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትበትኑ። የተቋሙ ነው፤ ቢዘጋ የሚጎዳው ሁሉም ነው።

ሁለተኛው፣ ከአገር ቤት ሥራ ጀምሩ። ጥናታችሁ ደሴ ላይ ሆኖ ደሴ የተሠራውን ሳታዩ የብራዚል ጽሑፍ ብታከማቹ ፈታኙ የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ይይዛችኋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ክምችት፣ ኢቲዲ የምንለው፣ ለዚህ ትልቅ ሀብት ነው። እኔ በተለይ የምወደው ከኋላ ያለውን አባሪ ነው። ሙሉ መጠይቁ፣ አንዳንዴም የአማርኛ ትርጉሙ እዚያ ይገኛል። ናድሬ የሚባለው አገር አቀፍ ክምችትም አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት እዚያ እንዲገባ ይላል። ለጆርናል ደግሞ ኤጆልን እዩ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ ጆርናሎችን የሚያሰባስብ ነው። የጅማው የጤና ሳይንስ ጆርናልና የኢትዮጵያ ኬሚስትሪ ማኅበር ቡለቲን እዚያ ይገኛሉ።

ጎግል ስኮላርና ፐብሜድ ብታወዳድሩስ? ለጤና ሰው ፐብሜድ፣ የጤናና የሕክምና ጽሑፎች መፈለጊያው፣ ይቀድማል። ምን እንደፈለጋችሁና ስንት እንደመጣ በትክክል መመዝገብ ትችላላችሁ። በኋላ ዘዴያችሁን ስትጽፉ ይህ ያስፈልጋል። ስኮላር ግን ሰፊ ነው፤ የቴሲስና የሪፖርት ዓይነት ሁሉ ያወጣል። ጥሩውን ከመጥፎው አይለይላችሁም፤ መለየቱ የእናንተ ሥራ ነው። ዋና ጥቅሙ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ያለው ማን እንደጠቀሰው የሚያሳየው መስመር ነው። አንድ ጥሩ የ2012 ጽሑፍ ካገኛችሁ እሱን ተጭናችሁ እስከ ዘንድሮ የመጡትን ልጆቹን ታገኛላችሁ። ከስኮላሩ ጋር አንፔይዎል የሚባለውን ነፃ ማሟያ ብራውዘራችሁ ላይ ጫኑ። ጽሑፉ በሕጋዊ መንገድ በነፃ የተቀመጠበት ቦታ ካለ ያመለክታችኋል። ይህም ካልሆነ ለደራሲው ኢሜይል ጻፉ። በትሕትና ለተጻፈ ሁለት መስመር ፒዲኤፉን የሚልክ ሰው ብዙ ነው።

ቃል አመራረጥ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። በጤና ተቋም መውለድን የሚመለከት ጥናት አንዱ «ኢንስቲትዩሽናል ዴሊቨሪ» ይለዋል፣ ሌላው «ፋሲሊቲ በርዝ»፣ ሦስተኛው «ስኪልድ በርዝ አተንዳንስ»። ሦስቱም ፍቺያቸው ትንሽ ይለያያል፣ ግን ሁሉንም ካልፈለጋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። የእኛ አገር ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጅማ በላቲን በአንድም በሁለትም «ም» ይጻፋል። መቀሌና ሐረርም አጻጻፋቸው አንድ አይደለም። በአማርኛ ስትፈልጉም «ሥነ ጽሑፍ» እና «ስነፅሁፍ» ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ ጸ፣ ፀ፤ አ፣ ዐ እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

አሁን ወደ ሪፈረንስ መያዣ ፕሮግራሞች። ኤንድኖት ጥሩ ነው፣ ግን በገንዘብ ነው። ሜንደሌይ ነፃ ነው፤ 2 ጊጋባይት ማስቀመጫም ይሰጣል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የለመድነውን የዴስክቶፑን ፕሮግራም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአዲስ ማውረድ አይቻልም። የእኔ ምርጫ ዞቴሮ ነው። ነፃ ነው፣ ሁሉም ነገር ላፕቶፓችሁ ላይ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል። በነፃ የሚሰጠው የኦንላይን ማስቀመጫ 300 ሜጋባይት ብቻ ነው። ፒዲኤፍ ሲበዛ ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ማኅደሩን በየሳምንቱ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የክፍላችን አንድ ልጅ ላፕቶፑ ሲሰረቅ ስድስት ወር የለቀመው ሁሉ አብሮ ሄደ። እያለቀሰ ነው የነገረን።

ዞቴሮን ያስመረጠኝ ሌላው ነገር የስማችን ጉዳይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፕሮግራሙ ግን መጨረሻ ያለውን ስም የቤተሰብ አድርጎ ይወስዳል። እንበል ጸሐፊው አበበ ከበደ ከሆነ፣ በጽሑፋችሁ ውስጥ «ከበደ (2019)» ይላል። ያልጻፈው አባት ተጠቀሰ ማለት ነው። ረቂቄን ያዩት አንድ መምህር ቀይ እስክሪብቶ አንስተው አሥራ አራት ቦታ አክብበው «የእነዚህን ሰዎች አባቶች አንብበሃቸዋል?» ብለው ጽፈውበት አገኘሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። ሙሉውን ስም እዚያ ጻፉ፤ «አበበ ከበደ» ብሎ እንዳለ ያወጣዋል። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት ግን የትምህርት ክፍላችሁን መመሪያ ጠይቁ። የአባት ስም ይቅደም የሚሉም አሉ። ዋናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ ነው። 2005 ዓ.ም. የታተመን መጽሐፍ ፕሮግራሙ የ2005 እ.ኤ.አ. አድርጎ ያሰልፈዋል። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አረጀ ማለት ነው። ዓ.ም. መሆኑን ስታስገቡት ወዲያው ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ መጨረሻ ላይ ዝርዝሩን በዓይናችሁ እዩት።

ታሪክ፣ ባህልና ቋንቋ ለምታጠኑ፦ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ተወዳዳሪ የለውም። ለድሮ ጋዜጣና መዝገብ ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብቱ ዘንድ ሂዱ። የግእዝ ብራና ለምትፈልጉ ደግሞ የሂል ሙዚየም ዲጂታል ክምችት በነፃ ምዝገባ ይታያል። ተቀምጦ ለማንበብ ብቻ ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይመቻል።

ሪቪው መጻፍ ላይ ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነገር አለ። «እገሌ እንዲህ አለ፣ እገሌ እንዲህ አለ» እያልን እንደረድራለን። ያ ዝርዝር ነው። ኤክሴል ክፈቱና ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ ረድፍ ስጡት። ደራሲና ዓመት፣ ቦታ፣ የናሙና ብዛት፣ ዘዴ፣ ግኝት፣ ጉድለት፣ የእናንተ አስተያየት። ሃያ ረድፍ ሲሞላ ወደ ታች አንብቡት። እንበል በሁለት አጎራባች ወረዳዎች የተሠሩ ጥናቶች በጤና ተቋም የወለዱ እናቶችን ቁጥር በጣም አራርቀው አወጡ። ለምን? የዘዴውን ዓምድ ስታዩ አንዱ ባለፈው አንድ ዓመት የወለዱትን፣ ሌላው ባለፉት አምስት ዓመታት የወለዱትን ጠይቋል። ይህን ያያችሁበት አንቀጽ ሪቪው ነው። ርእሱ በደራሲ ሳይሆን በጥያቄ ይከፈል።

ግቢ አጥር ላይ «ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ታያላችሁ። እባካችሁ እለፉት። ኤዲት፣ ፎርማትና ጥረዛ ማሠራት ሌላ ነው፤ እኔም አሠርቻለሁ። ያላነበባችሁትን ግን ማንም ዲፌንስ ላይ አይመልስላችሁም። ቻትጂፒቲም ረቂቅ እንግሊዝኛ ለማስተካከል ይረዳል፣ ሪፈረንስ ስትጠይቁት ግን የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። እያንዳንዱን ከፍታችሁ ሳታዩ አታስገቡ።

ጭማሪ፦ ሲስተማቲክ ሪቪው፣ ማለትም በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን በተወሰነ ሥርዓት ፈልጎና አጣርቶ የሚያጠቃልል ጥናት፣ የምትሠሩ ሁለት ልጆች ስለ ማጣሪያ ጠይቃችሁኛል። ራያን የሚባለውን የማጣሪያ ፕሮግራም ሞክሩ፤ ኳታር ውስጥ የተሠራ ነው፣ ነፃ አማራጭ አለው። ሁለት ሰው አንዱ የሌላውን ውሳኔ ሳያይ አብስትራክት (የጽሑፉን አጭር ማጠቃለያ) እያየ ያጣራል፣ ከዚያ የተለያያችሁበትን ብቻ አውጥታችሁ ትነጋገራላችሁ። ሪፖርቱ ፕሪዝማ 2020 በሚባለው የሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ ነው የሚሄደው፤ 27 ነጥቦች አሉት። ፍለጋ ያደረጋችሁበትን ቀንና የመጣውን ብዛት ከዛሬ ጀምሮ መዝግቡ። በኋላ ተመልሳችሁ ብትፈልጉ ያው ቁጥር አይመጣም።