እምነቴ የራሴ ነው ወይስ የሰፈሬ?

ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ኦርቶዶክስ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን ይዤ ነው የምጨርሰው፣ መስከረም 21 ሲደርስ ግሸን እወጣለሁ። ለሚያየኝ ሰው ምንም አይጎድለኝም።

ጉዱ ብቻዬን ስሆን ነው። አሁን ለሥራ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቻለሁ። እናቴ አጠገቤ የለችም፣ "ቅዳሴ አረፈድክ" የሚል ጎረቤትም የለም። ማታ ስልኬ ላይ መዝሙረ ዳዊት እከፍታለሁ፣ አንዷን መዝሙር ሳልጨርስ አውራ ጣቴ ቲክቶክ ውስጥ ገብቷል። ጾሙን ግን አልገድፍም። ለምን ብዬ ራሴን ስጠይቅ ቀድሞ የሚመጣልኝ ፈጣሪ ሳይሆን "እነ እማዬ ቢሰሙስ?" የሚለው ነው። ግድግዳ የምንጋራው ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ ማንም ሳያየው ለሱብሂ ይነሳል፣ ውዱእ ሲያደርግ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል፣ እውነት ለመናገር እቀናበታለሁ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ ዛለ እንጂ ልቤ ያው ነው። አንድ ጓደኛዬ "እምነት ስሜት አይደለም፣ ዝም ብለህ ቀጥል" አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል (እሱ መቼም ለምንም ነገር መልስ አያጣም)። 2ኛ ቆሮንቶስ 13፥5 በሃይማኖት መኖራችንን ራሳችን እንድንመረምር ያዝዛል፤ እኔን የጠፋኝ በምን እንደምመረምረው ነው።

"ጹም፣ ጸልይ" አትበሉኝ፣ እሱን እያደረግኩ ነው። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ግን፣ እምነታችሁ ከልማድ አልፎ የራሳችሁ መሆኑን በምን ለያችሁት?